የልጆች መጽሐፍ ገበያ፦ ትርፉ ከወረቀቱ ነው ወይስ ከቀጭኔዋ?

የልጆች መጽሐፍ ንግድ ወቅቱ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ይሟሟቃል፤ ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። ለጎንደር ነጋዴ ነገሩ ይብሳል። ባለ ቀለም የሥዕል መጽሐፍ በብዛት የሚታተመው አዲስ አበባ በመሆኑ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ደባርቅ ለመድረስ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ያልተሸጠው መደርደሪያ ላይ የነጋዴውን ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል። ታዲያ ትርፉ የት ነው ያለው? መልሱ ያለው ከወረቀቱ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ከተሣለው ገጸ ባሕርይ ዘንድ ነው።

የማታረጅ ቀጭኔ

አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ተረት ለልጆች አቅርበዋል። የዝግጅቱ ሀብት ግን እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ እርሳቸውን የሚተካ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ጣቢያ የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሌላ መንገድ ያዘ። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በ2005 ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተፈጠረችው ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቢጫ ቀጭኔ ናት። ዝግጅቱ በ2008 በጃፓን ፕራይዝና ሙኒክ በሚካሄደው ፕሪ ዠኔስ ተሸልሟል። ቀጭኔዋ በመጽሐፍም ወጥታለች። ድርጅቱ ቆይቶ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን አኒሜሽን ይዞ ብቅ ብሏል፤ ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉ ሦስት ባለ ልዩ ኃይል ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ልማዶችን ይታገላሉ። ጉዳዩ ለሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዳ አይደለም።

ለነጋዴው ትምህርቱ ይህ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ አታረጅም፣ ጡረታም አትወጣም። አንዴ ከተፈጠረች በመጽሐፍ፣ በፊልም፣ በደብተር ሽፋንና በአሻንጉሊት ልትሸጥ ትችላለች። እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ይህን ቀድመው ያወቁ ነጋዴ ነበሩ፤ የጥንቸሉ የፒተር ራቢት መጽሐፋቸው በ1902 ታትሞ በወጣ በዓመቱ የጥንቸሉን አሻንጉሊት በስማቸው አስመዝግበዋል።

ወጪውና ከፋዩ

አኒሜሽን ውድ ሥራ ነው። በተለመደው የፊልም አሠራር አንዱ ሰከንድ 24 ምስሎች አሉት፤ የ10 ደቂቃ ፊልም 14,400 ምስል ማለት ነው። ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ቢጠቀምበት እንኳ 7,200 ይቀረዋል። ፀሐይ በእጅ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት መጀመሯ ከዚህ አኳያ ሲታይ የሚያዋጣ ስሌት ነበር።

ከፋዩስ ማነው? ልጁ ገንዘብ የለውም፤ ወላጁም ቴሌቪዥን በነፃ ነው የሚያየው። በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ የአየር ሰዓቱን የሚገዛው አዘጋጁ ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍነው ስፖንሰር ወይም ለጋሽ ድርጅት ነው። ይህ አደጋ አለው። በ2025 የአሜሪካው ዩኤስኤይድ ሲዘጋ፣ በለጋሽ ላይ ብቻ የቆመ ሥራ በአንድ ውሳኔ ሊናጋ እንደሚችል ታይቷል።

ውሉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛት፣ የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለባለቤቱ ይሰጣል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል። መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። መጽሐፍ ለማሳተም የተፈረመ ውል ታዲያ ፊልም ለመሥራት ፈቃድ ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም፤ በስም ተጠቅሶ መግባት አለበት።

ሠዓሊውም መዘንጋት የለበትም። «ግራፋሎ» የተሰኘውን የእንግሊዝ መጽሐፍ ጁልያ ዶናልድሰን ሲጽፉት ሥዕሉን የሠሩት አክሰል ሼፍለር ናቸው። በ1999 የታተመው መጽሐፍ አኒሜሽን የሆነው በ2009 ነው። የአውሬውን መልክ ዓለም የሚያውቀው በሥዕሉ ነውና፣ የደራሲውን ፊርማ ብቻ የያዘ ገዢ ግማሽ ንብረት እንደ ገዛ ይቁጠረው።

የስሜን ሀብት

በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ አለው። እንስሶቹም ሆኑ ከአያት የወረዱት ተረቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ አዋጁም ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። ነገር ግን አንድ ደራሲና ሠዓሊ ስም፣ መልክና ጠባይ ሰጥተው የፈጠሩት ጭላዳ ባለቤት አለው። የጎንደር ባለሀብት ከአዲስ አበባ የሚጫን መጽሐፍ ከመቸርቸር አልፎ ሊገባበት የሚችለው በር ይኸኛው ነው።

ሁለቱን ገበያ አንድ ላይ መያዝ ግን ይበጃል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ መንገዶች ሲዘጉ ጭነት ቆሟል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሳይከፈቱ ቀርተዋል። መንገድ ሲዘጋ ምስል በሳተላይት ይደርሳል፤ መብራት በሌለበት የደጋ ቀበሌ ደግሞ ባትሪ የማይፈልገው መጽሐፍ ያገለግላል። አንዱ የጎደለበትን ሌላው ይሞላል፤ ነጋዴውም ልጁም ይጠቀማሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስረው ግን ውሉ ነው። ያለ ጽሑፍ የተያዘ መብት «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው፤ ወተቷ አይታለብም።