የእጅጌው ማርካ

ለክረምት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ከኮቱ በፊት ጭቃውን ያስብ። አብዛኞቹ ተመራቂዎች ወደ እኛ የቅጥር ኮሚቴ የሚመጡት ነሐሴ ላይ ነው፤ ታክሲ ከሚያወርዳቸው ቦታ እስከ ቢሯችን ያለው መንገድ ደግሞ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ማጥ ነው። ብልጡ አመልካች ቀደም ብሎ ደርሶ በራችን ላይ ካለው ሊስትሮ ዘንድ ይቀመጣል። ከፎቅ የሚያየው ያለ አይመስለውም፤ እናያለን።

ብዙው የሚለብሰው የምረቃውን ሱፍ ነው። ሱፍ የሌለው የወንድሙን ወይም የአጎቱን ይዋሳል፤ እጅጌው ታዲያ እስከ ጣቱ ይወርዳል። መዋስ ነውር የለውም። ልብስ ሰፊ ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል፤ ለባለቤቱ ሲመለስ ይተረተራል። አዲስ ኮት ከሆነ ደግሞ እጅጌው ላይ የተሰፋው ማርካ ለገበያ እንጂ ለለባሹ አይደለምና ይነሳ። ከኋላ የኮቱን ስንጥቅ የያዘው የመስቀል ቅርጽ ያለው ክርም እንዲሁ። የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም፤ ሲቀመጡም ሌላው ይፈታል።

ይህን ሁሉ ማን ይንገረው? አባቱ ኮት ለብሶ ቢሮ የዋለ ልጅ ቤቱ ያየዋል። ከገበሬ ቤት ወጥቶ በራሱ ጥረት የተመረቀው ግን ሱቅ ውስጥ እንደሰጡት ለብሶ ይመጣል። የምዘና ቅጻችን «አለባበስና አቀራረብ» ብሎ ከመቶ አምስት ነጥብ ይዟል። አንድ የኮሚቴ ባልደረባዬ ማርካ ባየ ቁጥር ሁለቱን ይቀንሳል፤ ግዴለሽነት ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ እንደዚያ ሲቆጠር የምንመዝነው የቤተሰቡን ኪስ ነው እላለሁ።

ንጽሕና ሌላ ነው፤ ለእሱ ሳሙናና ካውያ ይበቃል። ጥፍር፣ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የአፍ ጠረን ይታያሉ። ሽቶ ግን ይቀነስ፦ ዝናቡን ፈርተን መስኮት በዘጋንበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ነን።

ልብሱ ከሥራው ጋር ይሂድ። ለሳይት መሐንዲስነት ከተወዳደሩት አንዷ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ በጅንስና በጠንካራ ዝቅተኛ ጫማ መጣች። ባልደረባዬ ፊቱን አኮሳተረ። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ግንባታውን ልናሳያቸው ስንወስዳቸው ግን ሌሎቹ በታኮና በቀጭን ሶል ሲንሸራተቱ እሷ ደረጃውን እየወጣች ስለ ብረቱ አደራደር ትጠይቅ ነበር።

በፀጉር ጉዳይ ኮሚቴያችን ይጣላል። የወንድ ድሬድ የማይዋጥላቸው አሉ፤ ለእኔ የታጠበና የተያዘ ከሆነ በቂ ነው። ሂጃብና ማዕተብ ግን ለክርክር አይቀርቡም፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሃይማኖት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል።

አሁን ለጥሪ ስንደውል «ሱፍ ግዴታ አይደለም» ማለት ጀምረናል። አንዳንዱ አያምነንም፤ ተውሶም ቢሆን ይለብሳል። አምስቱ ነጥብ ከቅጹ እንዲወጣ ለአስተዳደሩ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ለገባ ሁሉ አምስቱንም እሰጣለሁ፤ ባልደረባዬም መቀነሱን አልተወም።