በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያለው ነጭ፦ ተረትና እውነታ

ሰንዳፋ አካባቢ ለመሠረትና ለአጥር ከሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ አንዳንዱ ላይ ባቄላ የሚያህሉ ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። «ሻግቶ ነው» የሚል አለ፤ «የግንበኛ ኖራ ፈሶበት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው። ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠራ፤ ላቫው ሲጠነክር የአረፋዎቹ ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ነጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስንጥቁ የሰረገ ውሃ ከድንጋዩ ሲሊካ፣ አሉሚኒየምና ካልሲየም እያሟሟ ወሰደና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ማዕድን አድርጎ አስቀመጠው።

በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ማዕድን ሲገኝ ሁሉም አንድ ጊዜ የተፈጠሩ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተራ አላቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቀዳሚው ነው፣ መሃሉን የያዘው የኋለኛው። የውሃው ሙቀትና የተሸከመው ነገር ሲለወጥ የሚያስቀምጠውም ማዕድን ይለወጣል፤ ቀድሞ ዜኦላይት፣ በኋላ ካልሳይት ሊሆን ይችላል። ካልሳይትን ከኳርትዝ ለመለየት ቢላ ይበቃል፦ ካልሳይትን ይጭረዋል፣ ኳርትዝን ግን አይነካውም። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የሚያወጣውም ካልሳይት ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ሦስተኛው እምነት ነው፦ «ከከበረው ድንጋይ ጋር የተጣበቀው ቆሻሻ ስለሆነ ይሰበር»። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ስሙ የገነነውን የጉጂ ዞኑን የሻኪሶ ኤመራልድ እንመልከት። አረንጓዴው ክሪስታል ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሚያብረቀርቅ ጥቁር ሚካ ታቅፎ ነው። ኤመራልድ ቤሪሊየም ይፈልጋል፤ እሱን ያመጣው ፔግማታይት የሚባለው ነጣ ያለ አለት ነው። አረንጓዴ ቀለሙን የሰጠው ክሮሚየም ደግሞ የመጣው ከአጠገቡ ካለው ጥቁር አለት ነው። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በተፈጥሮ እምብዛም አብረው አይገኙም። ትኩስ ፈሳሽ አለቶቹ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ሲያገናኛቸው ኤመራልዱም ሚካውም እዚያው ይወለዳሉ። ሚካውን አራግፎ መጣል የልደት ምስክሩን መጣል ነው። ለቀለበት የማይሆን ክሪስታል እንኳ ከነበቀለበት ድንጋይ ጋር ሲቀመጥ ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

«አሲድ ያጠራዋል» የሚባለውም ያከስራል። አሲድ ካልሳይትን ይበላል፣ አንዳንዱን ዜኦላይትም እንደ ሙጫ ያለሰልሰዋል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ የተገኘበት ቦታና የአለቱ ዓይነትም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ።