ማሽኑ ቁጥር ሲያወጣ ምን እያለን ነው?



ደሴን በሐምሌና በነሐሴ የሚያውቅ ሰው የምንናገረው ነገር ወዲያው ይገባዋል። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍናት ማክሰኞ የታጠበ ጀለብያ ለጁሙዓ አይደርስም፤ ደረሰ ቢባልም የእርጥበት ጠረኑ አይለቀውም። የሕፃን ልብስማ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ካልተሰቀለ የሚደርቅ አይደለም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይቀየራል። ዝናቡ ቆም ካለ በጠዋት የተሰጣው ልብስ ከዙህር በኋላ ይታጠፋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸውና ልዩነቱ አያስገርምም።

እንግዲህ ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ለወላጆቿ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ብትልክ፣ በደሴ ክረምት ይህ ቅንጦት ነው የሚል አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው ማሽኑ መሥራቱን አቁሞ በመስኮቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ማብራት ሲጀምር ነው።

ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ስኒዎቹ የተደረደሩት ዳንቴል በለበሰ ነጭ ነገር ላይ ነው። ጠረጴዛ መስሎን ነበር፤ ለካስ ማድረቂያ ማሽን ኖሯል።

የቤቱ እናት ታሪኩን አጫወቱን። ልጃቸው ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ ስትመለስ ያመጣችው ነው። መጀመሪያ ደህና ይሠራ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሃያ ደቂቃ እንደሠራ ቁጥር እያወጣ መቆም ጀመረ። አጥፍተው ያበሩታል፤ ይነሣል፤ ተመልሶ ይቆማል። በመጨረሻም ከናካቴው ማሞቅ ተወ። አንድ ጠጋኝ መጥቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ የማይቀመስ ዋጋ ጠራ። ሌላው መጣና ጀርባውን ፈትቶ፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ አውጥቶ በቦታዋ ሽቦ አገናኘና «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ፣ አብሽሩ» ብሎ ሄደ። ማሽኑ እውነትም ሞቀ። በሦስተኛው ቀን ምሽት ግን ሕፃናቱ ከተኙ በኋላ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናት ሮጠው ስፒናውን ነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

«እንዳልሸጠው ማን ይገዛዋል? እንዳልጥለው ልጄ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ አጥባ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ያመጣችው ነው» አሉን።

ቁጥሩ በሽታው አይደለም

ነገሩን የፈታው ኮምቦልቻ የሚኖር የቤተሰቡ ዘመድ ነው፤ ሙያው ኤሌክትሪክ ነው። በመጣ ጊዜ የማሽኑን ሆድ ከመክፈቱ በፊት ከግድግዳው ሳብ አደረገው። ከጀርባው የሚወጣው የአየር ማስወጫ ቱቦ በማሽኑና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ እንደ ቀበቶ ጠፍጥፏል! በውስጡም የልብስ ብናኝ እንደ ፍራሽ ጥጥ ተጠቅጥቋል።

«አክስቴ» አላቸው፣ «ማሽኑ ትንፋሽ አጥሮኛል ሲላችሁ ነው የከረመው። ሰው ግን አፉን አፈነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ማሽን ከክፍሉ አየር ስቦ ያሞቃል፤ የሞቀውን አየር በሚሽከረከረው ልብስ መካከል ያሳልፋል፤ እርጥበት የጠጣውን አየር ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቱቦ ወደ ውጭ ይገፋል። መውጫው ሲዘጋ ሙቀቱ እዚያው ይታመቃል። የሙቀት ጠቋሚው ይህን ሲያውቅ ማሽኑን አቁሞ ቁጥር ያወጣል። ይህም ችላ ተብሎ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሎ ማሞቂያውን ይቆርጠዋል። ያ ጠጋኝ አውጥቶ በሽቦ የተካት ትንሽ ዕቃ ይህችው ፊውዝ ናት፤ በቤቱና በእሳት መካከል የቆመች የመጨረሻ ዘበኛ።

የደሴ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ኩዌት ላይ ብዙም የማይጎዳ የቱቦ መታጠፍ ደሴ ላይ ሊጎዳ ይችላል።

ብናኝም ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ጥጥ ክር በቀላሉ ይቀጣጠላል። በአሜሪካ መንግሥት የእሳት አደጋ አስተዳደር መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በዚያ አገር መኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የእሳት አደጋዎች ከልብስ ማድረቂያ ተነሥተዋል። ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው ማሽኑን አለማጽዳት ነበር።

ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት

ቁጥር ሲወጣ በመጀመሪያ በወረቀት እንጻፈው ወይም በስልክ ፎቶ እናንሣው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተን፣ ስፒናውን ነቅለን፣ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ። የቁጥሩ ፍቺ ከማሽኑ ጋር በመጣው መጽሐፍ ውስጥ አለ። እንደ ሞዴሉ ቢለያይም በኤልጂ ማሽኖች ላይ «ዲ 80»፣ «ዲ 90» እና «ዲ 95» የአየር መውጫው ያን ያህል በመቶ መዘጋቱን ያመለክታሉ፤ «ፒ ኤፍ» መብራት መቋረጡን ይናገራል። በሳምሰንግ ላይ «ዲ ሲ» የበሩን፣ «ቲ ሲ» የሙቀት ጠቋሚውን፣ «ኤች ሲ» የማሞቂያውን ችግር ይጠቁማል።

ቀጥሎ እነዚህን በተራ እንይ፦

አንደኛ፣ በሩ። ልብስ ቆንጥጦት ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ሁለተኛ፣ የብናኝ ወንፊቱ። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ይጸዳል። ውኃ ጠብ አድርገንበት ካላሳለፈ የልብስ ማለስለሻ ቅባት ደፍኖታል ማለት ነውና በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጥበን፣ አድርቀን እንመልሰው።

ሦስተኛ፣ ቱቦው። አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በግድግዳ አይጨፍለቅ፤ ጫፉ ከቤት ውጭ ይውጣ። ቱቦ የሌለው፣ ውኃውን በጎድጓዳ ዕቃ የሚያጠራቅም ዓይነት ከሆነ ውኃውን እንድፋ፤ እርጥበቱን ወደ ውኃ የሚቀይረው ክፍል ሊታጠብ የሚችል ከሆነም በመጽሐፉ መሠረት እንጠበው።

አራተኛ፣ የልብሱ መጠን። ብርድ ልብስና ጋቢ አንድ ላይ ተጠቅጥቀው አየር አያሳልፉም። ውኃው ያልተጨመቀ ልብስም አይግባበት።

አምስተኛ፣ መብራቱ። ማድረቂያው 2,500 ዋት፣ የእንጀራ ምጣዱ 3,500 ዋት ቢስቡ አንድ ላይ 27 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ለብዙ ቤት ሽቦ ከባድ ሸክም ነው። ምጣድ በተጣደ ሰዓት ማድረቂያ አይነሣ፤ በኤክስቴንሽንም አይሰካ። መብራቱ ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የማሞቂያው ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፤ ልብሱም ሳይደርቅ ሰዓቱ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ከተመለሰ፣ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለ፣ ያኔ ባለሙያ ይጠራ። ፊውዝ ተቃጥሏል ከተባለ በዓይነቱ ይተካ እንጂ በሽቦ አይያያዝ። ያቃጠለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅም ማሽኑ አይነሣ።

ከባሕር ማዶ ለመግዛት ላሰባችሁ

ዘመዱ ማሽኑን ሲመረምር በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ «አልሐምዱሊላህ፣ 50 ኸርዝ ነው» ብሎ ነበር። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የኩዌትና የዱባይም 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የሳዑዲ ቤቶች ለረጅም ዘመን በ127 ቮልት ሲገለገሉ ኖረው፣ ወደ 230 ቮልት ቀስ በቀስ ለመዛወር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ለ127 ቮልት የተሠራ ዕቃ ደሴ ላይ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ተራ ሞተር ደግሞ እኛ ዘንድ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ማራገቢያው ይደክማል፤ ሞተሩ ይግላል። ስታብላይዘር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም። ስለዚህ እኅቶቻችን ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፤ «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ወይም «50/60 ኸርዝ» የሚል ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ወደ ደሴው ቤት እንመለስ። ዘመዱ ሽቦውን አንሥቶ ትክክለኛውን ፊውዝ አስገባ፤ ብናኙን ጠረገ፤ ቱቦውን ቀይሮ በመስኮቱ በኩል አወጣው። «ሰው ቤት በሌለበትና በተኛበት ሰዓት አታስነሡት፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ገመዱ ይበቃችኋል» ብሎም አስጠነቀቀ። ቦርዱ ምንም አልነበረውም። ስንሰናበት እናት ዳንቴሉን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ እየከተቱ ነበር።

አላህ ቤቶቻችንን ከእሳት አደጋ ይጠብቅልን፤ የልጆቻችንንም ልፋት ይባርክልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።