የቦርከና ዳርቻ ለማን ይሠራል?

እንደሚታወቀው ወንዝ የከተማ ጌጥ ከመሆኑ አስቀድሞ የሕዝብ መተዳደሪያ ነው። ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ደጋማ ተራሮች ተነሥቶ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተቆረቆረችውን ደሴን ነክቶ፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል አልፎ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያም የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በመሆኑም ደሴ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ ባሕር ወስዶ የሚያስረሳው አይደለም፤ ከታች ባለው ገበሬና አርብቶ አደር ማሳና ግጦሽ ላይ የሚከማች ዕዳ ነው።

አዲስ አበባ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. በ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ላይ አቅዳ ሥራ ጀመረች፤ የወዳጅነት ፓርክም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማት ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል። እኛ ይህንን ጅምር አንቃወምም። ነገር ግን ዳርቻው በድንጋይ ሲነጠፍ ወንዙ ራሱ ምን እንደሚሆን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያርፈው የፈረቃ ሠራተኛም ከፊቱ ስለሚፈሰው ውሃ ምን እንደሚማር ሳይጠየቅ ሥራው ተጠናቀቀ ሊባል አይገባም።

ጥያቄው በኮምቦልቻ ይበልጥ ይጠነክራል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት ይህች ከተማ የሠራተኛው እንጀራ ናት፤ ፍሳሿ ግን በትናንሽ ጅረቶች አድርጎ ቦርከና ይገባል። ቆዳ በሚለፋበት ሥራ ክሮሚየም ይውላል፤ በከተማዋ ጅረቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አሳይተዋል። ማሽን ፊት የሚቆመው ሠራተኛና ከታች አትክልት የሚያጠጣው ገበሬ በአንድ ውሃ የተሳሰሩ የአንድ ጉዳት ተካፋዮች ናቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። ይህ መብት በፍሳሽ ማጣሪያ እንጂ በአበባ አልጋ አይረጋገጥም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሶል ከተማ የቾንግየቾን ወንዝ ለዓመታት በሲሚንቶ ተደፍኖ በላዩ አውራ ጎዳና ተሠርቶበት ነበር። ጎዳናው ፈርሶ ወንዙ እ.ኤ.አ. በ2005 ዳግም ሲከፈት፣ የተሠራውን ስሕተት ትውልድ እንዳይረሳው ጥቂት የጎዳናው ምሰሶዎች እንደቆሙ ተተዉ። ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ሆኖም በዚያ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው በሞተር ተስቦ የሚመጣ ነው፤ እኛ በሕይወት ያለውን ወንዛችንን ገድለን በኋላ በሞተር እንድናንቀሳቅሰው አንመኝም።

ደሴ ላይ ለሚሠራው ዳርቻ የታሪክ ድህነት የለብንም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው ድሃውንም ሳይጠየፍ ያበላ ስለነበረ ነው ይባላል፤ (የወንዝ ዳር መናፈሻ ከዚህ የተሻለ ስም ያገኛል ብለን አንገምትም)። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሽስት አውሮፕላኖች ሆስፒታል ሳይቀር በቦምብ የደበደቧት ከተማ ይህችው ደሴ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ባቲና አሰብ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ስትሆን፣ የጨው ነጋዴው፣ የግመል ጠባቂውና የሾፌሩ ታሪክ ከውሃው ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል ሊቀመጥ ይገባል፤ ቦርከና በሁለቱም ቋንቋዎች የሚጠራ ወንዝ ነውና።

ሐቁ ግን በሰሌዳ ብቻ አይጻፍም። የክረምቱ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ከሲሚንቶ ነፃ ሊቀር፣ ዳርቻውን ሥር የሚይዙት ዋርካና ወይራ ሊተከሉ፣ በደንገል የተሸፈነ ረግረግም ውሃውን እያጣራ ሊያሳይ ይችላል። ልብስ የምታጥብ እናትና ከብት የሚያጠጣ ልጅ ከአጥር ውጭ ከተጣሉ ግን ዳርቻው ባለቤቱን አባሮ ጎብኚ የጠራ ይሆናል። ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ንድፉ ወደ ስብሰባ በቀረበ ጊዜ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባው የመብራቱን ብዛት ሳይሆን፣ የፍሳሽ ቱቦዎቹ የት ላይ እንደሚያበቁ ነው።