አተላ ውስጥ የቀረው

ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌና በላሊበላ ዙሪያ ባለው የላስታ ደጋ ገብስ ዋነኛ ሰብል ነው፤ ለዝክርና ለድግስ ከእርሱ ከሚጠመቀው ጠላ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። አተላ ግን ተሟጦ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ይህንንም ከኬሚስቶች በፊት ያወቁት ጠማቂዎቹ ናቸው፤ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ጋኑ ውስጥ በቀረው ላይ ውኃ ጨምረው ቅራሪ ሲያወጡ፣ የተረፈውን አልኮልና ጣዕም በውኃ እያሟሙ ነውና።

ውኃ ብቻውን የማያወጣው ነገርም አለ። በገብሱ ልባስ ውስጥ፣ አራቢኖዛይላን ከተባለ የአሰር ዓይነት ጋር የተሳሰረ ፌሩሊክ አሲድ የሚባል ውሁድ ይገኛል፤ ይህም ቅባት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንዳይበላሽ ስለሚከላከልና አልትራቫዮሌት ጨረርን ስለሚመጥ ለቆዳ ቅባቶች ይፈለጋል፤ የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠውን ቫኒሊንንም ረቂቅ ተሕዋስያን ከእርሱ ሊሠሩ ይችላሉ። ከአሰሩ ጋር ያጣበቀውን ኤስተር የተባለ ትስስር ለመበጠስ አተላው በገበያ ካስቲክ ሶዳ በሚባለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ተጠልሎ ፈሳሹ አሲድ ተጨምሮበት አሲዳማ ከሆነ በኋላ ፌሩሊክ አሲዱ በሌላ አሟሚ ተለይቶ ይወሰዳል።

ለዚህ ሥራ የጋን አተላ አይመችም፤ የጌሾ ቅጠልና እንጨት፣ እርሾና የተቆላ አሻሮ ተደባልቀውበታልና። የቢራ ፋብሪካ አተላ ግን ከመፍላት በፊት የሚጠለል ስለሆነ በአብዛኛው የብቅል ገለፈት ብቻ ነው፤ 100 ሊትር ቢራ ወደ 20 ኪሎ ግራም እርጥብ አተላ ስለሚያስቀር፣ በደቡብ ወሎ እንደ ኮምቦልቻው ባለ ፋብሪካ በአንድ ስፍራ ይከማቻል። ከክብደቱ ሦስት አራተኛ በላይ ውኃ በመሆኑ በጥቂት ቀናት ይሻግታል፤ ስለዚህ የፌሩሊክ አሲድ ማውጫው ተቋም ከጠመቃው አጠገብ ካልተተከለ የሚጓጓዘው በአመዛኙ ውኃ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን የላሚቱ ድርሻ ነው። ከደረቅ አተላ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ካስቲክ ሶዳው ከፌሩሊክ አሲዱ ጋር ከፕሮቲኑም ብዙውን አሟሙቶ ይወስዳል፤ የሚቀረው ዝቃጭም በሚገባ ሳይታጠብ ለከብት አይሰጥም። በመሆኑም ማንኛውም የአዋጭነት ስሌት፣ ዛሬ የቢራ አተላ ገዝተው ላሞቻቸውን የሚመግቡ ወተት አምራቾች በምትኩ የሚገዙትን የፋጉሎ ዋጋ በወጪ መዝገቡ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።