ምዕራፍ 7፦ አውራጇና ከበሮ መቺው

«አምፕሊፋየር ድምፅ ያጎላል» የሚል ማብራሪያ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው በፋብሪካ ቴፑ ላይ ሳብዉፈር ሊያስገጥም ሲነሳ ቀልቡ የሚያርፈው የአምፑ ካርቶን ላይ በደማቁ በተጻፈው ዋት ላይ ነው። ገመዱን፣ ፊውዙን፣ ማሳውን (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረውን መመለሻ) የሚጠይቅ የለም። ድምፁ ከቴፑ መጥቶ እዚያች ሳጥን ውስጥ የሚያድግ ይመስለዋላ!

አያድግም። የሰርግ ቤት አስቡ። አውራጇ ታወርዳለች፣ ከበሮ መቺው ይመታል። ከበሮው የሚያስገመግመው በእሷ ትንፋሽ ነው? ከእሷ የሚወስደው መቼና ምን ያህል አጠንክሮ እንደሚመታ ብቻ ነው። ክንዱ የራሱ ነው፤ የክንዱ ብርታት ደግሞ ከጓዳ ከመጣለት እንጀራ ነው። ቴፑ አውራጅ፣ አምፑ ከበሮ መቺ፣ ባትሪውና ዲናሞው ጓዳ። አምፕ ትእዛዙን ከቴፕ፣ ጉልበቱን ከባትሪ ይወስዳል።

ቴፑ ራሱ ለምን አይመታም? የፋብሪካ ቴፕ የሚሠራው መኪናው በሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ ሞተር ተነስቶ 14.4 ቮልት ቢደርስ ነው። ከዚህ ቮልቴጅ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ምንም ሳይባክን ሊወጣ የሚችለው ንጹሕ ኃይል 26 ዋት ገደማ ነው። ብክነቱ ሲቀነስ ወደ 18 ወይም 20 ይወርዳል፤ ፊቱ ላይ «50 ዋት» ተብሎ ቢጻፍም። አምፑ ግን ሆዱ ውስጥ 12 ቮልቱን ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር ክፍል አለው። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ጆሯችን ዝቅ ያለውን ቤዝ ለመስማት እንደሚሰንፍ ፍሌቸርና ሙንሰን በ1933 በመለኪያ አሳይተዋል።

ትእዛዙን ከየት እንቅዳ? አብዛኛው የፋብሪካ ቴፕ የአርሲኤ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከኋላ ስፒከሮች ሽቦ እንቀዳለን፦ ወይ የስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል አምፕ እንገዛለን፣ ወይ ሲግናሉን የሚያሳንስ መለወጫ መሐል እናስገባለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቀይ ቀለም ይጻፍልኝ። የስፒከሩ ኔጌቲቭ ማሳ አይደለም! ቴስተር ብታስነኩት በሁለቱም ሽቦ ላይ 6 ቮልት አካባቢ ታገኛላችሁ። ያን ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር ያገናኘ ሰው ቴፑን ሊያቃጥል ይችላል።

እስካሁን ያልነው፦ ትእዛዝ ከስፒከር ሽቦ፣ ጉልበት ከባትሪ። አሁን ወደ ጓዳው እንግባ።

500 ዋት በእርግጥ የሚያወጣ ጥሩ አምፕ ከባትሪው 625 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም በ13.8 ቮልት 45 አምፔር ነው። ለዚህ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 4 ጌጅ የሚባለው ገመድ ይበቃል፤ መዳብ ከሆነ። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ በዚያው ውፍረት የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው።

ፊውዙስ? አንድ ጊዜ ምንጣፉ የተቃጠለ ቪትዝ መጣልኝ። አምፑን ያስገባው ሌላ ባለሙያ ነው። ገመዱ በሞተሩና በእግር ማስቀመጫው መካከል ባለው ላሜራ ቀዳዳ ያለ ጎማ አልፏል። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር የላሜራው ጠርዝ ፕላስቲኩን እየበላ እየበላ መዳቡ ጋ ደረሰ። ምንጣፉን ስገልጠው ገመዱ ከቀዳዳው ጀምሮ ወደ ባትሪው ድረስ ልብሱን ጥሎ፣ ጠቁሮ፣ ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር ተጣብቋል። ኋላ ሄጄ ፊውዙን አወጣሁት፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት እንደ አዲስ ታበራለች። ባለሙያው ፊውዙን አምፑ አጠገብ ነበር ያሰረው! ከባትሪው የወጣው ኃይል በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ሲመለስ ፊውዙ ጋ አልደረሰም። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስለዚህ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይራቅ።

ማሳው የከበሮ መቺው መቆሚያ ነው። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ክንዱ ምን ቢበረታ እግሩ ይንሸራተታል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ፣ በነጩ ላሜራ ላይ፣ ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ገመድ እሰሩት። ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። የሪሞት ሽቦው ደግሞ መቺውን የሚቀሰቅስና የሚያስተኛ ነው። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ ውሰዱት። አለዚያ ሙሽሮቹ ሄደው እሱ ሌሊቱን ሲበላ ያድራል፤ ጠዋት ጓዳው ባዶ ነው።

ስለ ካፓሲተር ሳልናገር አላልፍም። «መብራትህ በቤዙ ብልጭ ድርግም ካለ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር አስገባበት» ይላሉ። እናስላው። ቮልቴጁ ከ13.8 ወደ 12 ሲወርድ ይህ ዕቃ የሚሰጠው 23 ጁል ነው። 625 ዋት የሚስበው አምፓችን ይህን በሰከንድ 37 ሺህኛ ውስጥ ይጨርሰዋል። ለተራበ ከበሮ መቺ አንድ ጉርሻ ማለት ነው፤ ጉርሻዋም የመጣችው ከዚያው ከጎደለው ጓዳ ነው። በዚያ ገንዘብ ወፍራም ገመድ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ካስፈለገም ጠንካራ ዲናሞ ግዙ። ይህን ለዓመታት ስከራከርበት ኖሬአለሁ፤ ቁጥሩን አስልቶ የመለሰልኝ አላገኘሁም።

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። የመቺው ጆሮ ነው። ከልክ በላይ ከከፈታችሁት የአውራጇን ሹክሹክታ እንደ ጩኸት ይሰማና ቆዳው እስኪቀደድ ይደልቃል። መጀመሪያ ጌይኑን ዝጉት፤ የቴፑን ቤዝና ትሬብል መሐል ላይ አድርጉ፤ የአምፑን ፊልተር 80 ኸርዝ ላይ አቁሙ። ቴፑን ወደ ሦስት አራተኛ ክፈቱና ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቤዙ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱት።

ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ጠቁሙ። ጣታችሁ ወደ ኋላ ከሄደ ሳብዉፈሩ በዝቷል፤ ቀንሱት። ሳጥኑ ከኋላ ሆኖ ከበሮው ከፊት፣ ከዘፋኙ ጎን ሲመታ ከሰማችሁ፣ አውራጇና መቺው ተግባብተዋል።