ሳንባዋ ሲደክም

ባለፈው ክረምት ዘመድ ልጠይቅ በገባሁበት አንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስትሬቸር ላይ ተቀምጣ አየሁ። ጋደም ስትል ያፍናታል። ባለቤቷ ዓይኑን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጌጅ ላይ አይነቅልም። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ እየጠበቁ ነበር። ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ማህፀን እያደገ ሲሄድ ድያፍራምን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋዋል፤ የእናትየዋ የኦክስጅን ፍላጎት ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሳንባ ምች ሲይዛት ከሌላው ሰው ቀድማ ትዳከማለች።

መተንፈሻ ማሽኑ ቬንትሌተር ሲያቅተው የሚቀረው ኤክሞ የሚባለው ማሽን ነው። የጠቆረ ደም በወፍራም ቱቦ ይወጣል፤ ማሽኑ ውስጥ ኦክስጅን አግኝቶ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። አሜሪካዊው ወጣት ሐኪም ጆን ጊበን የሳንባዋ ደም ሥር በረጋ ደም የተዘጋባትን ሴት ሲጠብቅ አደረ። ሴትዮዋ አልተረፈችም፤ ደሟን ከሰውነቷ ውጭ ኦክስጅን የመስጠት ሐሳብ ግን ያን ሌሊት መጣለት። በ1953 የልብና የሳንባ ማሽኑ የመጀመሪያዋን ታካሚ አዳነ። በ1975 ሮበርት ባርትሌት ካሊፎርኒያ ውስጥ በኤክሞ ጨቅላ ሕፃን አተረፈ።

የነፍሰ ጡሮቹ ነገር ጎልቶ የታየው በ2009ኙ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ማሽኑ ከተገጠመላቸው 12 ነፍሰ ጡሮችና አራሶች 8ቱ ተርፈዋል።

ለንደን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ የአገራችን ልጅ የሆነች ነርስ፣ «እርጉዝ ናት ብሎ መፍራትና ማዘግየት ነው የሚገድላት» አለችኝ። «ማሽኑን ብቻ አይተህ አትጓጓ። ሌት ተቀን አጠገቧ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ትሰጣለህ፤ ሲበዛ ደግሞ ትደማለች። እኔ አልጋዋ ሥር ቆሜ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ! አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ስትወጣ ግን አልጋው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።»

በአገራችን ስላለው የኤክሞ ሁኔታ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በደብዳቤ ጠይቁ» አሉኝ። ለደብዳቤውም መልስ አልሰጡም።

ኤክሞ ብዙ ገንዘብና ብዙ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ ነገ ይገዛ አልልም። ዛሬ የሚቻለው ይደረግ፦ ማዋለጃ ክፍል ሁሉ ኦክስጅን አይቋረጥበት፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይኑረው፤ ንባቡ ከ95 በመቶ በታች የወረደባት ነፍሰ ጡር ኮሪደር ላይ ሳትጠብቅ አልጋ ታግኝ።